ሰባኪው፣ ስብከቱና የጢሱ ሒሳብ

ስለ ሮክ ባንዶች የዓለም ዙር ጉዞና ስለ ታዋቂ ሰዎች የአካባቢ ጥበቃ ቅስቀሳ ለጥናት ክበቦች የቀረበ መወያያ

መግቢያ

በተማሪዎች መካከል የአየር ንብረት ለውጥ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይነሳል። «እነዚህ ዘፋኞች በግል ጄት እየበረሩ፣ መቶ የጭነት መኪና እያስከተሉ፣ እኛን መብራት አጥፉ ይሉናል። ራሳቸው ያልኖሩበትን ነገር እኛ ለምን እንመን?» የሚል ነው። ክርክሩ ሳቅ ያስነሳል፤ ጭብጨባም ያገኛል፤ ብዙ ጊዜም ውይይቱ እዚያው ላይ ይቋጫል። ለዚህ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ተረትም አለን፦ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች።

ይሁን እንጂ ተረት ጠቅሶ ማለፍ ጥናት አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን አንስተን በየተራ እንመረምራለን። አንደኛ፣ አንድ ትልቅ የሙዚቃ ጉዞ አካባቢን በእርግጥ ምን ያህል ይጎዳል? ጉዳቱስ ከየት ከየት የሚመጣ ነው? ሁለተኛ፣ ግብዝነት ስንል ምን ማለታችን ነው? ሁሉስ ዓይነት ግብዝነት አንድ ነው ወይ? ሦስተኛ፣ የሰባኪው ግብዝነት ቢረጋገጥ ስብከቱ ይወድቃል ወይ?

አቋማችንን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ የሰውየው መዝገብና የጉዳዩ መዝገብ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው እንላለን። አንዱን በሌላው ማጣፋት፣ ለዘፋኙ ይሁን ለነቃፊው፣ ሒሳቡን ያዛባል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የጉዳዩ አመጣጥ

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ርዕስ የሩቅ ወሬ አይደለም። የታላላቅ የቅስቀሳ ኮንሰርቶች ታሪክ ከራሳችን ሰቆቃ ጋር የተያያዘ ነው። በእኛ አቆጣጠር የ1977ቱ ረሃብ ወሎንና ትግራይን ባራቆተ ጊዜ፣ ሐምሌ 13 ቀን 1985 «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ኮንሰርት በአንድ ቀን በለንደንና በፊላዴልፊያ ተካሄደ። በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም 70,000 ያህል ሰው ተገኘ። በቴሌቪዥን የተከታተለው ሕዝብ ደግሞ ከ1 ቢሊዮን በላይ እንደነበረ ተገምቷል።

በዚያ ቀን ከተደረጉት ነገሮች አንዱ ለጥናታችን ልዩ ትርጉም አለው። እንግሊዛዊው ፊል ኮሊንስ በለንደን ከዘፈነ በኋላ ኮንኮርድ በተባለው ከድምፅ በሚፈጥን አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ፣ በዚያው ዕለት በፊላዴልፊያ መድረክ ላይ ወጣ። ይህ እንደ ተአምር ተቆጥሮ ተጨበጨበለት። ኮንኮርድ 100 ያህል ሰው ብቻ ይዞ፣ ለአንድ መንገደኛ ከተራው ጃምቦ ጄት በብዙ እጥፍ የበለጠ ነዳጅ የሚፈጅ አውሮፕላን ነበር። ለተራቡት ገንዘብ ለማሰባሰብ አንድ ሰው በሁለት አህጉር በአንድ ቀን መታየቱ የግድ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያጠናው የመንግሥታት ጉባኤ በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተቋቋመው በ1988፣ ማለትም ከላይቭ ኤይድ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። በጊዜው በሰፊው ባልታወቀ ጉዳይ ሰውን ግብዝ ማለት ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ያ ቀን አንድ ልማድ ተክሎ ሄደ። ይኸውም ታላቅ ዓላማ ታላቅ ትርኢት ይጠይቃል፤ ትርኢቱም በሰፋ መጠን ዓላማው ይሰፋል የሚል ልማድ ነው።

ይህ ልማድ ከ22 ዓመት በኋላ ከራሱ ዓላማ ጋር ተጋጨ። ሐምሌ 7 ቀን 2007 የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎርና ባልደረቦቹ «ላይቭ ኧርዝ» የተባለውን ኮንሰርት አዘጋጁ። ለንደን፣ ሲድኒ፣ ሻንጋይ፣ ሐምቡርግ፣ ጆሐንስበርግ፣ ሪዮ ዴ ጃኔሮና ሌሎችም ከተሞች ተካፈሉ። ዓላማው ዓለም በመሞቅ ላይ መሆኗን ለሕዝብ ማሳወቅ ነበር። ለማሳወቅ ግን ዘፋኞች በረሩ፤ ስታዲየሞች በመብራት ተጥለቀለቁ፤ ሕዝብ በመኪና ጎረፈ። ነቀፌታውም መጀመሪያ የመጣው ከራሳቸው ከሙዚቀኞቹ ወገን ነው። «አርክቲክ መንኪስ» የተባለው የእንግሊዝ ባንድ አባላት፣ ለአንድ ምሽት መብራታችን ብቻ የብዙ ቤት ኤሌክትሪክ እየፈጀን ሌላውን ብንመክር ግብዝነት ይሆንብናል ብለው ሳይካፈሉ ቀሩ።

የሁሉንም ያህል ትኩረት የሚሻው ግን የላይቭ ኤይድ አዘጋጅ የነበረው የቦብ ጌልዶፍ ሂስ ነው። ጌልዶፍ ስለ አውሮፕላን አላነሳም። ሰው ሁሉ ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ ያውቃል፤ መድረክ ላይ ወጥቼ መንግሥታትና ኩባንያዎች የገቡትን ተጨባጭ ግዴታ ማስታወቅ ካልቻልኩ ኮንሰርቱን አላዘጋጅም ነበር የሚል ሐሳብ ነበር ያቀረበው። ሁለቱ ሂሶች እንደሚለያዩ ልብ እንበል። የመጀመሪያው «ምን ያህል አቃጠላችሁ?» ይላል። ሁለተኛው «ያቃጠላችሁት ምን አስገኘ?» ይላል።

2. አንድ የዓለም ዙር ጉዞ ምን ይፈጃል?

የአንድ ትልቅ ባንድ ጉዞ ወጪ፣ ከአካባቢ ጥበቃ አንጻር፣ በአራት ክፍል ሊታይ ይችላል።

ሀ/ የሰዎች ጉዞ። ዘፋኞቹ፣ አጃቢዎቹና ሠራተኞቹ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያደርጉት በረራ ነው። የግል ጄት ለአንድ መንገደኛ ሲሰላ ከመደበኛው አውሮፕላን ከ5 እስከ 14 እጥፍ የበለጠ እንደሚበክል በ2021 በአውሮፓ የወጣ ጥናት አመልክቷል።

ለ/ የዕቃ ጭነት። መድረክ፣ ድምፅ ማጉያ፣ መብራት፣ ትልልቅ የምስል ሰሌዳዎችና መሣሪያዎች በየብስ በጭነት መኪና፣ በባሕር በመርከብ፣ ጊዜ ሲያጥር ደግሞ በጭነት አውሮፕላን ይጓዛሉ።

ሐ/ የኮንሰርቱ ኃይል። ብዙ ጊዜ ከከተማው መስመር ሳይሆን በናፍጣ ከሚሠሩ ጄኔሬተሮች የሚገኝ ነው።

መ/ የተመልካቹ ጉዞ። ከቤቱ ተነስቶ እስከ ስታዲየሙና ወደ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ ያለው ነው።

ብዙ ሰው የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው። በተለይ «ዩ-ቱ» የተባለው የአየርላንድ ባንድ ከ2009 እስከ 2011 ያደረገው ጉዞ በዓለም ላይ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በእንግሊዝኛ «ጥፍር» የሚል ቅጽል የወጣለት መድረክ ወደ 50 ሜትር የሚጠጋ ቁመት ነበረው። ባንዱ በአንዱ ከተማ ሲዘፍን በሌላው ከተማ ተከላው እንዲቀጥል ሲባል አንድ ሳይሆን ሦስት ተሠሩ። ዕቃውን ለማጓጓዝ ከ100 በላይ የጭነት መኪናዎች ተሰለፉ። አንድ የእንግሊዝ የካርቦን ሒሳብ አማካሪ ድርጅት በ2009 የሚካሄዱት 44 ዝግጅቶች እስከ 65,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ገመተ። ጋዜጦችም ይህ አራቱ ዘፋኞች በመንገደኛ አውሮፕላን እስከ ማርስ ቢጓዙ ከሚያወጡት ጋር ይመጣጠናል ብለው ጻፉ።

የዚህ ባንድ መሪ ቦኖ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1985 ከላይቭ ኤይድ በኋላ ከባለቤቱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ወሎ ውስጥ በአጅባር መጠለያ በበጎ ፈቃድ ሠርቷል። ከዚያም ወዲህ ስለ አፍሪካ ዕዳና ድህነት ሲቀሰቅስ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ «ለድሃ እቆረቆራለሁ የሚለው ሰው እንዲህ ያቃጥላል» የሚለው ነቀፌታ በእሱ ላይ የበረታው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ግን ቁጥሩን ራሳችን እናስላው። 65,000 ቶን ለ44 ሲካፈል ለአንድ ምሽት 1,477 ቶን ያህል ይደርሳል። በጠቅላላው ጉዞ በ110 ዝግጅቶች ከ7 ሚሊዮን 200 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ስለታደመ፣ ለአንድ ምሽት በአማካይ 66,000 ሰው ነው። እንግዲህ ለአንድ ተመልካች የሚደርሰው 22 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ይህ አንድ ተራ የቤት መኪና 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ ከሚያወጣው ጋር የሚቀራረብ ነው። በሌላ አነጋገር ከስታዲየሙ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ሰው ብቻውን በመኪናው ሄዶ ቢመለስ ይህንኑ ያህል ያወጣል። ለአንድ ኮንሰርት ብሎ ከዱባይ ለንደን በርሮ የሚመለስ ደግሞ በትንሹ ከግማሽ ቶን በላይ፣ ማለትም ከሃያ እጥፍ በላይ፣ ያወጣል።

ይህ ስሌት የእኛ ብቻ ግኝት አይደለም። በ2008 «ጁሊስ ባይሲክል» የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ጋር ባወጣው ጥናት፣ የእንግሊዝ የሙዚቃ ኢንዱስትሪ በዓመት 540,000 ቶን ያህል ሙቀት አማቂ ጋዝ እንደሚያወጣና ከዚህ ውስጥ 43 በመቶው ተመልካቾች ወደ ኮንሰርት ለመሄድ ከሚያደርጉት ጉዞ የሚመጣ እንደሆነ አሳይቷል። «ሬዲዮሄድ» የተባለው ባንድም የራሱን የሰሜን አሜሪካ ጉዞዎች አስጠንቶ ትልቁ ድርሻ የተመልካቹ ጉዞ መሆኑን ስላየ፣ በ2008 በሕዝብ ማመላለሻ ሊደረስባቸው የሚችሉ የከተማ ቦታዎችን መምረጥና ዕቃውን በመርከብ መላክ ጀመረ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ዓይናችን የሚያርፍበት ነገርና ትልቁ ሸክም ያለበት ቦታ አንድ አይደሉም። የዘፋኙ ጄት ያናድዳል፤ ቢያናድድም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጄቱ ነገ ቢቀር፣ ከከተማ ውጭ ባለ ሜዳ 60,000 ሰው በመኪና እንዲመጣ የሚያስገድደው አሠራር እንዳለ ይቆያል። ይህ ዘፋኙን ነፃ አያወጣውም። የት እንደሚዘፍን፣ ስንት ከተማ እንደሚዞር፣ ዕቃው በምን እንደሚጫን የሚወስነው ከአዘጋጁ ጋር ሆኖ እሱ ነውና። ጥፋቱ ካለ የበለጠ የሚከብደው በመቀመጫው ሳይሆን በውሳኔው ላይ ነው።

3. ግብዝነት ስንል ምን ማለታችን ነው?

አንዱን ቃል ለሁሉ ነገር መለጠፍ ሂስን ያዳክማል። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን መለየት አለብን።

የመጀመሪያው በአሠራር መታሰር ነው። አንድ ሰው ሊለወጥ ይገባል በሚለው ሥርዓት ውስጥ እየኖረ ይናገራል። ሙዚቀኛ ለመዝፈን ሰው ወዳለበት መሄድ አለበት። ከአውስትራሊያ ወደ አውሮፓ የሚወስድ ጢስ አልባ አውሮፕላን ገና አልተሠራም። ይህን ግብዝነት ካልን ስለ ጉዳዩ ለመናገር የሚፈቀድለት በዋሻ የሚኖር ሰው ብቻ ይሆናል፤ እሱን ደግሞ ማንም አይሰማውም።

ሁለተኛው ምርጫ እያለ የባሰውን መምረጥ ነው። መደበኛ በረራ እያለ የግል ጄት፣ ባቡር እያለ አጭር በረራ፣ አንድ መድረክ እየበቃ ሦስት መድረክ ማለት ነው። እዚህ ላይ ነቀፌታው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ምክንያቱም ሰባኪው ከሌላው የሚጠይቀው መሥዋዕትነት ከራሱ ከሚጠየቀው ይበልጣል። መብራትህን አጥፋ የተባለው ተራ ሰው የሚያጠፋው አምፖል አለው፤ ጄት ግን የለውም። ሸክሙ ካለው ወደሌለው ይተላለፋል። የግብዝነት ዋና ጉዳት እዚህ ላይ ነው፤ የዘፋኙን ስም ከማጉደፉ ይልቅ የሸክሙን ክፍፍል ማዛባቱ ይከፋል።

ሦስተኛው መልካም ስምን መሸጥ ነው። ሰው በቆመለት ዓላማ ያገኘውን ክብር ከዓላማው ጋር ለሚቃረን ነገር ማስታወቂያ ሲያውለው ማለት ነው።

ለምሳሌ የእንግሊዛዊውን የስቲንግን ጉዳይ እንውሰድ። ስቲንግ በ1989 ከባለቤቱ ጋር የብራዚልን የዝናብ ደን ለመጠበቅ ድርጅት አቋቋመ። ከካያፖ ሕዝብ መሪ ከራዎኒ ጋር በብዙ አገሮች ተዘዋወረ፤ የሕዝቡ መሬት በሕግ እንዲከለል ለተደረገው ትግልም ገንዘብና ድምፅ ሰጠ። ይኸው ሰው በ2000 ጃጓር ለተባለው የቅንጦት መኪና በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ታየ። ነቃፊዎች ተሳለቁበት።

እንግዲህ ሁለቱን መዝገቦች ለየብቻ እንክፈት። የመኪናው ማስታወቂያ ለካያፖ መሬት የተደረገውን ድጋፍ አይሰርዝም፤ ያ ደን የቆመው ስቲንግ ምን እንደነዳ ጠይቆ አይደለም። እንዲሁም ለደኑ የተደረገው ድጋፍ ማስታወቂያው ያሻሻጠውን መኪና ጢስ አይቀንስም። ወዳጆቹ የመጀመሪያውን መዝገብ ብቻ፣ ጠላቶቹ ሁለተኛውን ብቻ ያነባሉ። ጥናት ግን ሁለቱንም ያነባል።

4. ስርየት በገንዘብ

ነቀፌታ ሲበረታ የተገኘው መልስ «ማካካሻ» የሚባለው ነው። ባንዱ ያወጣውን ጋዝ ያስቆጥርና በዚያው ልክ በሌላ ቦታ ዛፍ ያስተክላል፤ ወይም ሌላ ሰው ጋዝ እንዲቀንስ ገንዘብ ይከፍላል። በወረቀት ላይ ሒሳቡ ባዶ ይሆናል።

«ኮልድፕሌይ» የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ2002 ያወጣውን አልበም ለማካካስ በህንድ ካርናታካ ግዛት 10,000 የማንጎ ችግኞች እንዲተከሉ ገንዘብ ከፍሎ ነበር። በ2006 የእንግሊዝ ጋዜጠኞች ቦታው ድረስ ሄደው ሲመለከቱ፣ ከችግኞቹ ብዙዎቹ በውሃ እጦት ደርቀው እንደነበር ጻፉ። ባንዱ በቅን ልቦና ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የችግኙን ሕይወት የያዙት ባንዱም አስተካዩ ኩባንያም ሳይሆኑ፣ ደረቅ መሬት ላይ ያለ የውሃ እጥረት ያስጨነቀው ገበሬ ነበር።

ይህን ለመረዳት እኛ ኢትዮጵያውያን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ለችግኝ ተከላ ዘመቻ ወጥቶ የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። በተከላው ቀን ሰው ይበዛል፤ ፎቶግራፍም ይነሳል። በበጋው ወራት ውሃ የሚያጠጣውና ከከብት የሚጠብቀው ግን ስንት ነው? ችግኝ መትከልና ዛፍ ማሳደግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ከዚህም በላይ የጊዜ ልዩነት አለ። አውሮፕላኑ ያወጣው ጋዝ ዛሬውኑ አየር ውስጥ ገብቶ በከፊል ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆያል። ዛፉ ግን ያንን ለመምጠጥ በአሥር የሚቆጠሩ ዓመታት ያስፈልጉታል፤ በመካከሉ ቢቆረጥ ወይም ቢቃጠል የመጠጠው ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ዛፍ መትከል በራሱ መልካም ሥራ ቢሆንም፣ የጢስ ደረሰኝ አድርጎ መቁጠር ግን ስሕተት ነው። ማካካሻ ትልቁን ጥያቄ፣ ማለትም «ይህን ያህል ማቃጠል አስፈላጊ ነበር ወይ?» የሚለውን፣ ሳይጠየቅ ያሳልፈዋል።

5. የአሠራር ለውጥ ሙከራዎች

የኮልድፕሌይ ታሪክ በማንጎ ችግኞች አላበቃም። በኅዳር 2019 የባንዱ ዘፋኝ ክሪስ ማርቲን አካባቢን የማይጎዳ መንገድ እስክናገኝ ድረስ ለአዲሱ አልበማችን የዓለም ዙር ጉዞ አናደርግም አለ። አልበሙንም ያስመረቁት እዚሁ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን ጥንታዊ አምባ ላይ፣ አንዱን ክፍል ፀሐይ ስትወጣ ሌላውን ስትጠልቅ ተጫውተው ነው። ለዓለም የደረሰው በዩቲዩብ ነበር። አንድ ባንድ በአንድ ቦታ ሆኖ ለሚሊዮኖች መድረስ እንደሚችል የሚያሳይ ሙከራ ነበር።

በመጋቢት 2022 ግን ጉዞው ከኮስታ ሪካ እንደገና ተጀመረ። ባንዱ ከ2016–17ቱ ጉዞ ጋር ሲነጻጸር የሚያወጣውን ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ቃል ገባ። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዎች የተሠራ የኃይል ማጠራቀሚያ፣ ተመልካቹ ሲጨፍርበት ኃይል የሚያመነጭ ወለልና ብስክሌት አስገባ። በ2024 ባወጣው መግለጫ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዝግጅት የሚወጣው ጋዝ በ59 በመቶ እንደቀነሰ አስታወቀ። ሒሳቡን የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ባለሙያ እንዲመረምሩት አድርጓል። በመካከሉም ኔስቴ ከተባለው የፊንላንድ የነዳጅ ኩባንያ ጋር በመዋዋሉ፣ ኩባንያው ከፓልም ዘይት ጋር ካለው ታሪክ የተነሳ፣ በአካባቢ ተቆርቋሪዎች በብርቱ ተነቅፏል።

59 በመቶ ትንሽ ነገር አይደለም። ሊመሰገን ይገባዋል። ግን ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ቁጥሩ የሚመለከተው የዝግጅቱን፣ የጭነቱን፣ የባንዱንና የሠራተኞቹን ነው፤ የተመልካቹ ጉዞ፣ ማለትም ከላይ ከባድ ሆኖ ያገኘነው ክፍል፣ ከዚህ ቁጥር ውጭ ነው። በጥር 2025 ባንዱ በአቡ ዳቢ በአንድ ስታዲየም አራት ምሽት ሲጫወት ከሌላ አገር በአውሮፕላን የመጣው ተመልካች በዚያ 59 በመቶ ውስጥ አይታይም። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ለአንድ ዝግጅት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በፊት በ100 ዝግጅት እያንዳንዱ 100 እጅ ቢያወጣ ጠቅላላው 10,000 ነው። አሁን እያንዳንዱ ወደ 41 ወርዶ የዝግጅቱ ቁጥር ወደ 220 ቢያድግ ጠቅላላው 9,020 ይሆናል። 59 በመቶ የነበረው ቅናሽ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ኮልድፕሌይ ከ2022 እስከ 2025 ከ200 በላይ ዝግጅቶች ማድረጉን ስናስብ ይህ ምሳሌ ዝም ብሎ የመጣ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ከዚህ በተለየ መንገድ የሄደው «ማሲቭ አታክ» የተባለው የብሪስቶል ባንድ ነው። ባንዱ ለብዙ ዓመታት ዛፍ በማስተከልና በባቡር በመጓዝ ሲሞክር ቆይቶ፣ በግል ጥረት ብቻ ለውጥ አይመጣም ከሚል መደምደሚያ ደረሰ። በ2019 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ያለውን የቲንዳል ማዕከል የሙዚቃ ጉዞን አሠራር ከሥሩ እንዲያጠና ጠየቀ። ጥናቱ በ2021 ወጣ። ዋና ዋና ነጥቦቹ ቀላል ናቸው፦ ጉዞው ገና ሲታቀድ ጋዙ ይቆጠር፤ የግል ጄት ይቅር፤ ባንዶች ሁሉ የሚጠቀሙበት መሣሪያ በየአዳራሹ ይኑርና ጭነት ይቀንስ፤ መስመሩ እንዳይቆላለፍ ይደረግ፤ ተመልካቹ በሕዝብ ማመላለሻ እንዲመጣ ይመቻች።

ነሐሴ 25 ቀን 2024 ባንዱ ይህንን በትውልድ ከተማው ሞከረው። ከ30,000 በላይ ሰው በተገኘበት ኮንሰርት ናፍጣ የሚጠጣ ጄኔሬተር አልነበረም፤ መድረኩ የሠራው በባትሪ ነው። ቲኬት ቀድሞ የተሸጠው ለአካባቢው ነዋሪዎች ነው። ለሩቆቹ የምሽት ልዩ ባቡር ተዘጋጀ። ምግቡ ሁሉ ከአትክልትና ከእህል ነበር። እዚህ ላይ ዋናው ነገር የዘፋኞቹ ቅድስና አይደለም፤ ቲኬት የሚሸጥበትን ቅደም ተከተል በመለወጥ የሺዎችን ጉዞ ማሳጠር መቻሉ ነው።

6. እኛን ምን አገባን?

«ይህ የሀብታም አገር ጭቅጭቅ ነው» የሚል ይኖራል። አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በዓመት ከነዳጅና ከመሳሰሉት የሚደርሰው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻ 0.2 ቶን እንኳ አይሞላም፤ የአንድ የቀጠር ነዋሪ ድርሻ ከ30 ቶን በላይ ነው። አገራችን በጠቅላላው ለዓለም የምታዋጣው ከሺህ አንድ እጅ አይደርስም። ታዲያ ለምን እንጨነቅ?

ምክንያቱም ጉዳቱ እንደ ድርሻው አይከፋፈልም። ከ2020 እስከ 2023 ድረስ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በቦረናና በሶማሌ ክልል ከብት አለቀ፤ አርብቶ አደሩ ቀዬውን ለቀቀ። ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ቡድን በ2023 ባወጣው ትንተና የዓለም መሞቅ እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ እንዳሳደገው ገልጿል። እንግዲህ «ዘፋኙ ግብዝ ስለሆነ ጉዳዩ ውሸት ነው» የሚለው ቀልድ ለማን ይጠቅማል? ለቦረና አርብቶ አደር እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የሚጠቅመው ማንም እንዳይጠይቀው ለሚፈልግ ሰው ነው፤ በሰባኪው ላይ እየሳቅን ሳለ ዋናው ባለ ዕዳ በጎን ያልፋል።

ሂስ ካለ ግለ ሂስም መኖር አለበት። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት በ2018 ከዓለም ሕዝብ በአውሮፕላን የተጓዘው 11 በመቶ ብቻ እንደሆነ፣ ወደ ሌላ አገር የበረረው ደግሞ ከ2 እስከ 4 በመቶ እንደማይበልጥ ገምቷል። ከመንገደኞች በረራ ከሚወጣው ጋዝ ግማሹን የሚያወጣው 1 በመቶው ሕዝብ ነው። እኛ የባሕር ማዶ ተማሪዎች ከዚያ 1 በመቶ ውስጥ ላንገባ እንችላለን፤ ከአገር አገር ከሚበርሩት ጥቂቶች መካከል ግን ነን። ለእናትና ለአባት ጥየቃ አገር ቤት መሄድ ከቅንጦት አይቆጠርም። ይሁንና ራስን ከሒሳቡ ውጭ አድርጎ ሌላውን መቁጠር የምንነቅፈው ነገር ራሱ ነው።

ከእኛም የሚወሰድ ትምህርት አለ። ዘፋኞቻችን በውጭ ወዳለው ኢትዮጵያዊ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ከጥቂት ተጫዋቾች ጋር ነው። ድምፅ ማጉያውና መብራቱ እዚያው ከተማ ይከራያል፤ አዳራሹም ያለው ነው። የቲንዳል ማዕከል አጥኚዎች ለታላላቅ ባንዶች የሚመክሩት ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። እኛ ይህን የምናደርገው በአቅም ማነስ እንጂ በአካባቢ ጥበቃ ሐሳብ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ቢሆንም አቅም ሲገኝ ሁሉን ነገር እንደ ትልልቆቹ ማድረግን የዕድገት ምልክት አድርገን እንዳንይዘው ያስተምረናል። ማኅበራት ለበዓል ዝግጅት ሲያቅዱ በጎረቤት ከተሞች ያሉትን ማስተባበር፣ አውቶቡስ በጋራ መከራየት፣ ዘፋኝ አንድ ጊዜ ሲመጣ በቅርብ ያሉትን አገሮች በአንድ መስመር እንዲያዳርስ ማድረግ ይችላሉ። ወጪም ይቀንሳል፤ ጢስም ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን ለመሰብሰብ ያህል፦

አንደኛ፣ የታላላቅ የሙዚቃ ጉዞዎች ጉዳት እውነተኛ ነው። ትልቁ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ዓይን ከሚያርፍበት ጄት ይልቅ የተመልካቹን ጉዞና ጭነቱን በሚወስነው አሠራር ውስጥ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ በአሠራር መታሰር፣ የባሰውን መምረጥና መልካም ስምን መሸጥ አንድ አይደሉም። ሂሳችን የትኛውን እንደሚመለከት ለይቶ መናገር አለበት።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ ከፍሎ ችግኝ ማስተከል አለማቃጠልን አይተካም።

አራተኛ፣ የሰባኪው ጉድለት ስብከቱን አያፈርስም፤ የስብከቱም እውነት የሰባኪውን ዕዳ አይከፍልም። ሐኪሙ ሲጋራ ማጨሱ ሲጋራን መድኃኒት አያደርገውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ያ የታወቀው ቀልድ ሲነሳ፣ ስቀን ካበቃን በኋላ፣ «እሺ፣ ስንት ቶን? ከየት የመጣ? ማንስ ሊቀንሰው ይችላል?» ብለን እንጠይቅ። ውይይቱ የሚጀምረው ያኔ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ በላይቭ ኤይድ የተሰበሰበው እርዳታ የሰውን ሕይወት ካተረፈ፣ የኮንኮርዱ በረራ ትክክል ነበር ማለት ይቻላል ወይ? ያለ በረራው ያው እርዳታ አይሰበሰብም ነበር?

2/ አንድ ባንድ ለአንድ ዝግጅት የሚያወጣውን ጋዝ እየቀነሰ የዝግጅቱን ቁጥር ቢያበዛ፣ በየትኛው ቁጥር ልንመዝነው ይገባል?

3/ ዘፋኝ በአንድ ከተማ ብዙ ምሽት ቢጫወት የእሱ ጉዞ ያጥራል፤ የተመልካቹ ግን ይረዝማል። የትኛው ይሻላል? በምን ስሌት?

4/ ክበባችሁ በዚህ ዓመት ያዘጋጀውን አንድ ዝግጅት ውሰዱ። ሰው ከየት ከየት በምን መጣ? ከፍተኛው ሸክም የነበረው የት ላይ ነው? በወረቀት ላይ አስሉና በሚቀጥለው ስብሰባ አቅርቡ።